«ትመለሻለሽ ወይ?»፦ የአንዲት የቪዛ ጥያቄ ታሪክ

ከመካከላችን አንዷ በቅርቡ ቪዛ ተከለከለች። ሀብታም አይደለችም፤ የቸገራትም አይደለችም። ሥራ አላት፣ ደመወዝ አላት፣ የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃድ አላት። የአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ ተገኝታ፣ አንድ ሁለት ከተማ አይታ፣ ፎቶ ተነሥታ ልትመለስ ነበር። ለእነዚህ አሥራ አራት ቀናት ያልሰበሰበችው ወረቀት የለም፦ የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የአባቷ ቤት ካርታ ኮፒ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የሆቴል ቡኪንግ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ከወዲያ የመጣ የጥሪ ደብዳቤ። እናቷ በበኩላቸው ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስለዋል።

መስኮቱ ጋ ቀርባ የተጠየቀችው አምስት ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ከጥያቄዎቹ ሁሉ እስካሁን ከጆሮዋ ያልወጣው አንዱ ነው፦ «ትመለሻለሽ ወይ?» «አዎ» አለች። ሌላ ምን ትበል? ከጥቂት ቀናት በኋላ ፓስፖርቷ ከአንዲት ወረቀት ጋር ተመለሰላት። ወረቀቷ ላይ ከተደረደሩት ሳጥኖች አንዱ ላይ ምልክት ተደርጓል፤ ባጭሩ «ለመመለስሽ እርግጠኞች አይደለንም» ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ማኪያቷችንን ይዘን ስናጽናናት ሁላችንም ሊቅ ሆንን። አንዱ «በአንዴ ብዙ ብር ስላስገባሽ ነው» አለ። ሌላዋ «ባልና ልጅ ስለሌለሽ ነው» አለች። ሦስተኛው «በቃ ዕድል ነው፣ ሎተሪ በይው» ብሎ ዘጋው። ቤታችን ገብተን ስናስበው ግን ማናችንም ያላነሣነው ነገር ነበር። ይህቺ ጥያቄ ከየት መጣች? አገር ለማየት የተነሣን ሰው ገና ሳይሄድ ስለ መመለሱ መጠየቅ መቼ ተጀመረ? መጻሕፍት ስናገላብጥ ያገኘነውን እነሆ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግባ እንጂ አትውጣ

ከራሳችን ቤት እንጀምር። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዳግማዊ ዣዎ በ1487 ፔሮ ዳ ኮቪላን የሚባል ሰው የሕንድን መንገድና የ«ቄስ ዮሐንስን» አገር እንዲሰልል ላኩት። ሰውየው ብዙ አገር ዞሮ በ1490ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከዐፄ እስክንድር ግቢ ደረሰ። ማንም «ለምን መጣህ? ስንት ቀን ትቆያለህ?» ብሎ አላስጨነቀውም። በክብር ተቀበሉት። ልሂድ ባለ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እስክንድር ሞቱ፤ ዐፄ ናዖድም ልብነ ድንግልም አላሰናብትም አሉት። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ወለደ። ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ሲመጣ፣ ኮቪላን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ «እንግዳ» ሆኖ አገኘው። መልእክተኞቹ በ1526 ወደ አገራቸው ሲመለሱም እሱ እዚሁ ቀረ።

ዐፄ ቴዎድሮስም በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ለጻፉት ደብዳቤ መልስ ቢያጡ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን በ1864 አሰሩት። ሰውየው የተፈታው በ1868፣ ከመቅደላ ጦርነት ጋር ነው።

እንግዲህ የድሮዎቹ ነገሥታቶቻችን ያስቸግሩ የነበረው ገቢውን ሳይሆን ወጪውን ነው። የዛሬው ቆንስላ «ልትቀር ነው» ብሎ ይሰጋል፤ የጥንቱ ቤተ መንግሥት ደግሞ «ልትሄድ ነው» ብሎ ይሰጋ ነበር። ሰው የሚፈለግበት ዘመንና ሰው የተረፈበት ዘመን በራቸውን የሚዘጉት በተለያየ ወገን ነው ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ወረቀት የማይጠየቅበት ጊዜ

«ቪዛ» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የታየ» ማለት ነው። ወረቀትህ በሹም ታይቷል፣ እለፍ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባቡር ሲስፋፋ ይህን የማየት ሥራ የሚችለው ጠፋ። በየባቡሩ የሚወርደውን ሕዝብ ማን አንድ በአንድ ያያል? ፈረንሳይ በ1861 ፓስፖርትና ቪዛ መጠየቅ አቆመች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ከዚያ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ገንዘብ ያለው ሰው አብዛኛውን ምዕራብ አውሮፓ ያለ ፓስፖርት ይዞር ነበር። ፓስፖርት አጥብቀው ይጠይቁ የነበሩት ሩሲያና የኦቶማን ግዛት ናቸው፤ በዚህም ምክንያት እንደ ኋላ ቀር ይታዩ ነበር።

ይህ ወርቃማ ዘመን ግን ለሁሉም አልነበረም። አሜሪካ በ1882 ባወጣችው ሕግ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ ከልክላለች። ባሕሩ የተከፈተው ለሚፈለገው ሰው ነበር።

1914 መጣ፤ ጦርነት። ካርል ሎዲ የሚባል ጀርመናዊ የአንድ አሜሪካዊ ትክክለኛ ፓስፖርት ይዞ፣ ቱሪስት ነኝ ብሎ እንግሊዝ ገባ። ፓስፖርቱ ላይ ፎቶ ስላልነበረ ማን ያውቅበታል? የባሕር ኃይሉን ሁኔታ ለአለቆቹ ሲጽፍ ተያዘና ኖቬምበር 6 ቀን 1914 ለንደን ታወር ውስጥ ተረሸነ። እንግሊዝ በ1915 ያወጣችው አዲሱ ፓስፖርት ፎቶግራፍ ያለበት ነው፤ ከፎቶውም ሌላ የግንባርና የአፍንጫ ቅርጽ ሳይቀር ይጻፍበት ነበር። በጦርነቱ ውስጥ የነበሩ አገሮች ሁሉ ፓስፖርትና ቪዛ ግዴታ አደረጉ። «ለጊዜው ነው» ተባለ።

ይህን «ለጊዜው» የሚባል ነገር እኛ አገር በደንብ እናውቀዋለን። ጦርነቱ አለቀ፣ ወረቀቱ ግን ቀረ። በኦክቶበር 1920 የመንግሥታቱ ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ፓሪስ ላይ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው ወደ ቀድሞው ነጻነት መመለስን እንደ ግብ ያስቀምጥ እንጂ «ለአሁኑ ግን» ብሎ አንድ ዓይነት ፓስፖርት እንዲኖር ወሰነ፦ 32 ገጽ፣ ከእነዚህ 4ቱ ለባለቤቱ መግለጫ፣ 28ቱ ለቪዛ ማኅተም። የመግቢያ ቪዛ ክፍያ ከ10 የወርቅ ፍራንክ እንዳይበልጥም ተመከረ። በ1926 ጄኔቭ ላይ እንደገና ቢሰበሰቡም ፓስፖርትን ማጥፋት አልሆነላቸውም። እስከ ዛሬም በኪሳችን የያዝነው የዚያን የፓሪስ ስብሰባ ልጅ ነው።

ለሁሉም ሰው ወረቀት ሲታዘዝ ወረቀት የሚሰጠው መንግሥት የሌለው ሰው ጉድ ፈላበት። በ1922 በኖርዌጂያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ስም የሚጠራው የስደተኞች ወረቀት ለሩሲያ ስደተኞች መሰጠት ጀመረ፤ በ1924 ለአርመኖችም ተፈቀደ። በዚያው በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂት የተረፉ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ማርሽ ሲመቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ዓለም በሩን ሲቆልፍ አዲስ አበባ «ኑ» ያለችበት ዓመት ነበር።

«ተቃራኒውን እስክታስረዳ ድረስ»

የጥያቄያችን ትክክለኛ የትውልድ ስፍራ አሜሪካ ነው። የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ለየአገሩ ኮታ ሰፈረ። ሰሜንና ምዕራብ አውሮፓ አብዛኛውን ሲወስዱ ለኢትዮጵያ የተመደበው ዝቅተኛው ቁጥር፣ በዓመት 100 ነበር። ሁለተኛ፣ ማጣሪያውን ከኒውዮርክ ወደብ አንሥቶ ከባሕር ማዶ ወዳሉት ቆንስላዎች ወሰደው። ከዚያ በፊት መርከብ ላይ ወጥተህ፣ ባሕር ተሻግረህ፣ እዚያ ደርሰህ ነበር የምትጠየቀው። ከ1924 በኋላ የአሜሪካ ድንበር በየአገሩ ዋና ከተማ በመስኮት በኩል ተተከለ። በሌሊት ተነሥተን የምንሰለፍበት አጥር እንግዲህ በሕግ ድንበር ባይሆንም በሥራው ድንበር ነው።

በአገር ኮታ በተሰፈረ ዓለም ውስጥ ቱሪስት አስቸጋሪ ፍጡር ሆነ። ቱሪስት ኮታ አይመለከተውም፤ ለመጎብኘት ብሎ ገብቶ ቢቀርስ? በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ መልሱን በክፍል 214 ንኡስ አንቀጽ (ለ) ላይ አስቀመጠ። ጥቂት የቪዛ ዓይነቶች ሲቀሩ ማንኛውም አመልካች የቆንስላውን ሹም እስኪያሳምን ድረስ ለመኖር የመጣ ስደተኛ ነው ተብሎ ይገመታል ይላል። በወንጀል ችሎት ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ነው። ቪዛ መስኮት ላይ ግን ማስረዳቱ የአንተ ፈንታ ነው፤ የምታስረዳውም ያደረግኸውን ሳይሆን ገና ያላደረግኸውን፣ ነገ የምታደርገውን ነው። የአባት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት የሚቆለለው ለዚህ ነው። ነገን በወረቀት ማስረዳት ስለማይቻል፣ ሰው ከአገሩ ጋር የታሰረበትን ገመድ ሁሉ እየጎተተ ያሳያል። ገመዱ የቀጠነ ሰው፣ ማለትም ወጣት፣ ያላገባ፣ ቤት የሌለው፣ ከመጀመሪያው ተሸንፎ ይገባል። የአገር ኮታው በ1965 ተሻረ፤ ግምቱ ግን እስካሁን አለ።

የሚገርመው፣ በነዚያው ዓመታት ዓለም ቱሪስትን በስሙ ይጠራ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ1963 ሮም ላይ ባደረገው የቱሪዝም ጉባኤ ቱሪስት ማለት ቢያንስ 24 ሰዓት የሚቆይ ጎብኚ ነው ተባለ። እኛም በ1960ዎቹ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አማካይነት «የ13 ወር ፀሐይ» ብለን ዓለምን ጋብዘናል። ግብዣው ለሚመጣው ነበር። የሚሄደውስ?

መውጫው ተከፈተ፣ መግቢያው ተዘጋ

በ1948 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 13 ማንም ሰው የራሱን አገር ጨምሮ ከማንኛውም አገር የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያም ድጋፏን ሰጥታበታለች። ረጋ ብላችሁ አንብቡት። መውጣት መብት ነው፣ ወደ አገር መመለስም መብት ነው፤ ወደ ሌላ አገር መግባት ግን በየትኛውም መስመር ላይ የለም። አንድ ሰው በሕግ ሙሉ መብቱ ተከብሮለት ከአንዱ በር ወጥቶ ሌላውን በር እያንኳኳ ሊቀር ይችላል።

ያኔ ይህ ጉድለት ብዙም አልታየም፤ ምክንያቱም የዘመኑ ቁልፍ የነበረው መውጫው ላይ ነው። ሶቪየት ኅብረት የመውጫ ቪዛ ትጠይቅ ነበር። የበርሊን ግንብ ከ1961 እስከ 1989 የቆመው ሰው እንዳይወጣ ነበር። በደርግ ዘመንም ፓስፖርት መያዝ ብቻ አይበቃም፤ የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል። ፈቃድ ያላገኘው ስንቱ በእግሩ ወደ ሱዳን አቀና! ከኮቪላን አምስት መቶ ዓመት በኋላም አገራችን የምትፈራው ወጪውን ነበር ማለት ነው። በሱዳን በረሃ በኩል የወጡት ግን ምዕራቡ በስደተኝነት ተቀበላቸው። ከዘጋ መንግሥት የሸሸ ሰው ለከፈተው መንግሥት ማስታወቂያም ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት መጣ፤ 1995። በኦገስት 1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት አለው አለ። ልክ ከአምስት ወር በፊት፣ ማርች 26 ቀን 1995፣ የሸንገን ስምምነት በአውሮፓ ሥራ ጀምሯል። ስምምነቱ በጁን 1985 ሉክሰምበርግ ውስጥ ሸንገን በምትባል ትንሽ መንደር፣ ሞዘል ወንዝ ላይ በቆመች ጀልባ ውስጥ በአምስት አገሮች የተፈረመ ነው። የውስጥ ድንበራቸውን አነሡ፤ የውስጡ ሲነሣ የውጪው መጠንከር ነበረበት። የእኛ መውጫ በተከፈተበት ዓመት የእነሱ መግቢያ በአንድ ቁልፍ ሆነ። ያሴረብን የለም፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይገጣጠማል። ግን ትውልዳችን ያደገው በዚህ መገጣጠሚያ መሃል ነው።

ሌላም ነገር ነበር። እንግሊዝ በ1987 ባወጣችው ሕግ ተገቢ ሰነድ የሌለው መንገደኛ ያመጣ አየር መንገድ በአንድ ሰው 1,000 ፓውንድ ይቀጣ ነበር። ሌሎች አገሮችም እንዲህ ያሉ ቅጣቶች አላቸው። ቦሌ ላይ ቦርዲንግ ፓስ የምትሰጠው ልጅ ቪዛችንን ገልብጣ ገልብጣ የምታየው ወድዳ አይደለም። ድንበሩ ከቆንስላ መስኮት ወደ ትኬት ቆጣሪው ዘልቆ ገብቷል።

እውነቱን እንነጋገር

ይህን ሁሉ ጽፈን «ጥያቄው በደል ብቻ ነው» ብንል ግን አንባቢ ይታዘበናል። ለስብሰባ ሄዶ የቀረ፣ ለሥልጠና ሄዳ የቀረች፣ ሁላችንም እናውቃለን። ሊሸኙት የሄዱት ጓደኞቹ ራሳቸው «እንዳትመለስ» እያሉ ሲመክሩት የሰማንም አለን። ስለዚህ መስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ጥርጣሬዋን ከአየር ላይ አላመጣችውም። ችግሩ ጥርጣሬው የሚያርፈው ባጠፋው ሰው ላይ አለመሆኑ ነው። የቀረው ቀርቷል፤ የሚጠየቀው ገና ያልሄደው ነው።

በኤፕሪል 2024 የሆነው ይህንኑ ያሳያል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በሕገ ወጥ መንገድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል በኩል በበቂ አልተባበረም በማለት፣ በኢትዮጵያውያን የቪዛ አመልካቾች ላይ ገደብ ጣለ። የውሳኔ ጊዜው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፣ ሰነድ የማቅለል አሠራር ቀረ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ በተለመደው መንገድ መስጠት ቆመ፣ የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙትም ክፍያ እንዲከፍሉ ሆነ። በዚያው ዓመት በጁን ወር የቪዛው ክፍያ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ወጣ። ሁለት መንግሥታት ሲወዛገቡ ወረፋው የረዘመው ለሠርግ በምትሄደው ልጅ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም በር ማየት አለብን። ኢትዮጵያ በ2018 ለቱሪስቶች የኢንተርኔት ቪዛ ጀመረች፤ በኖቬምበር ደግሞ ለአፍሪካውያን ሁሉ ሲደርሱ ቪዛ መስጠት ጀመረች። ለጎብኚው የምንጠይቀውን ከሚጠየቀን ጋር ስናስተያየው ሚዛኑ የት እንዳለ ይታያል። የአፍሪካ ኅብረት በጁላይ 2016 ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ ፓስፖርት አስተዋወቀ፤ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች የወሰዱት ኢድሪስ ዴቢና ፖል ካጋሜ ናቸው። የሰዎች ነጻ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮል በጃንዋሪ 2018 እዚሁ አዲስ አበባ ጸደቀ። በሥራ ላይ ለመዋል 15 አገሮች ማጽደቅ ሲኖርባቸው በተከታዮቹ ዓመታት ያጸደቁት ሩዋንዳ፣ ኒጀር፣ ማሊና ሳኦቶሜ ብቻ ሆኑ። «አፍሪካ አንድ ናት» ብሎ ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ ጎረቤትን «ትመለሳለህ ወይ?» አለማለት ግን ለአፍሪካ መንግሥታትም ከባድ ሆኗል።

መውጫ ላይ ያለው ቁልፍም ጨርሶ አልጠፋም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የአሠሪ ፈቃድ ሳይኖር ከአገር አለመውጣት ለብዙ ዓመታት የሥራ ሕይወት አካል ነበር። ሳውዲ አረቢያ በማርች 2021 ይህንን ለብዙ ሠራተኞች ስታላላ የቤት ሠራተኞችን አልጨመረችም። የኮቪላን ዕጣ ዛሬ የደረሰው ለእህቶቻችን ነው፦ መግባት ቀላል፣ መውጣት ከባድ።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ

ታሪኩን ስናጫውታት ዝም ብላ ሰማችንና «ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች። ምንም። በ1914 ሎዲ ዋሸ፣ በ1924 ኮታ ተሰፈረ፣ በ1952 ግምቱ ተጻፈ፣ በ1995 በሮቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ እሷ በዚህ ሁሉ መጨረሻ መስኮቱ ጋ የቆመች ሰው ናት። ይህን ማወቅ ቪዛ አያስመታም። ግን ያን ቀን «ባል ስለሌለሽ ነው» ያልናትን አፍረን እንድናነሣ አድርጎናል። ያለተመለሰ ቪዛ የሰው ጉድለት ማስረጃ አይደለም።

ለሌሎቻችሁም አንድ ጠቃሚ ነገር እንጨምር። የሸንገን ቪዛ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ሊሰጠውና ይግባኝ ሊል መብት አለው፤ ይህ ከ2011 ጀምሮ በቪዛ ሕጋቸው ላይ አለ። ጊዜ ገደቡና አቀራረቡ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ወረቀቱን ሳትቀዱ አትጣሉ። የአሜሪካው 214(ለ) ግን ይግባኝ የለውም፤ ያለው እንደገና ማመልከት ነው።

ሠርጉ አልፏል። ቪዲዮውን በስልክ አየነው። እሷ የዓመት ፈቃዷ እንዳይቃጠል ብላ ናይሮቢ ሄዳ መጣች፤ ኬንያና ኢትዮጵያ ለቱሪስት በቪዛ ሳይጠያየቁ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ጅማት ቢሆን ኖሮ ይበጠስ የነበረው የሰነድ ፋይሏ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለሚቀጥለው ዓመት። እናቷም ስለታቸውን አላነሡም። «ጃንጥላው ይቆይ፣ ገብርኤል አይቸኩልም» ብለዋል።

ናይሮቢ ደርሳ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰች። ትመለሻለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።